ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የፓርቲ ቅስቀሳ ተሰበከ፤ እድራችን ምን ያድርግ?

የብሎኩ ጸሐፊ (ቱሉ ዲምቱ)

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የጻፍኩት። ለመሳደብ የመጣ ካለ ሌላ ክር ይፈልግ።

የአንድ ኮንዶሚኒየም እድር ጸሐፊ ነኝ። እድራችን የመንደር እንጂ የሃይማኖት አይደለም። ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም በየወሩ እኩል ይከፍላል። ድንኳኑ አንድ፣ ወንበሩ አንድ ነው። ድስቱ ብቻ ለየብቻ ነው፤ የሙስሊሞቹ ቀለም ተቀብቶ ኮሙናሉ ውስጥ ተለይቶ ይቀመጣል። በዚህ ማንም ተከፍቶ አያውቅም። እስካሁን የምንጨቃጨቀው ወንበር ተውሰው በማይመልሱ ሰዎች ብቻ ነበር።

በቅርቡ አንድ ጎረቤታችን አረፉ። ድንኳን ተከልን። በሠልስቱ ዋዜማ ማታ ቤተሰቡ ሰባኪ ጠራ፤ ይህም የተለመደ ነው። ልጁ አንደበተ ርቱዕ ነው፣ ቲክቶክ ላይ ብዙ ተከታይ አለው። ስለ ሞትና ስለ ትንሣኤ ትንሽ እንደተናገረ ወሬው ዞረ። የቤተ ክርስቲያን ጠላቶች ያላቸውን መዘርዘር ጀመረ። መጀመሪያ መናፍቃን፣ ቀጥሎ እስላሞች፣ ቀጥሎ የአንድ ብሔር ሰዎች። ከዚያ የአንድ ፓርቲ ስም ጠርቶ «ለዚህ ድምፅ የሚሰጥ ክርስቲያን ከይሁዳ በምን ይሻላል?» አለ። ማሳረጊያው ከየትኛው ሱቅ መግዛት እንደሌለብን ሆነ። ባለሱቁ እዚያው ድንኳን ውስጥ ዳቦ እያዞረ ነበር።

ማንም ምንም አላለም። የሟች ልጆች አንገታቸውን ደፉ። ባለሱቁ ዳቦውን አዙሮ ጨርሶ ወጣ።

በማግስቱ ሁለት አባወራዎች ስማችንን ሰርዙልን አሉ። አንዱ ሙስሊም፣ አንዱ ጴንጤ። ኮሚቴው ሰባኪውን ጠርቶ ለማነጋገር ሲያስብ ደግሞ የተወሰኑ ወጣቶች መጡ። «ሰባኪያችንን ከነካችሁ የራሳችንን የኦርቶዶክስ እድር እናቋቁማለን» አሉን። እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ። ልጆቼ ክርስትና የተነሡት እዚያው ደብር ነው።

እና ጥያቄዬ ይኸው። እድር እንዲህ ያለውን ነገር መከልከል ይችላል? ከቻለስ ስብከቱ የት ያበቃል፣ ቅስቀሳው የት ይጀምራል? ቄስ ስለ ፍትሕ ሲናገር ሁሉ «ፖለቲካ ነው» ብለን አፉን ልንይዝ አንችልማ።


አቡ ሰልማን (ቦሌ አራብሳ)

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ባለሱቁን አይዞህ በልልኝ። ዳቦውን አዙሮ መጨረሱ የትልቅ ሰው ሥራ ነው።

እኛም ጋ የለም ብዬ አልዋሽህም። ከጁምዓ በኋላ በር ላይ ቆመው «የካፊር ለቅሶ አትድረሱ፣ ከእነሱ ጋር እድር አትግቡ» የሚሉ ልጆች ነበሩ። ሽማግሌዎች አስቀምጠው ጠየቋቸው። «እናንተ ስትሞቱ ውሃ የሚቀዳው፣ ድንኳን የሚተክለው ማነው?» መልስ አልነበራቸውም። ግን እውነቱን ለመናገር ልጆቹ አልተመለሱም፣ ሌላ መስጂድ ሄዱ።

አንድ ነገር ልጨምር። መንግሥትና ሃይማኖት ይለያዩ የሚለውን ነገር ፈረንጅ ያመጣብን የሚመስለው ሰው አለ። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የሙስሊሞች ሰልፍ ሲወጣ አንዱ ጥያቄ ይኸው ነበር። ክርስቲያኖችም አብረው ወጥተዋል። ያኔ ዒድ በመንግሥት ደረጃ አይከበርም ነበር። አባቴ በዒድ ቀን ሥራ ገብቶ ማታ ነበር ከእኛ ጋር የሚበላው። ለእኛ መለያየቱ የመኖር ጉዳይ ነበር።


የቄስ ልጅ (ሰበታ)

ሰባኪው አጥፍቷል። ለቅሶ ቤት ገብቶ እንጀራ የሚያቀርብልህን ሰው መስደብ ነውር ነው፣ ሌላ ስም የለውም። ይህን ብዬ ግን ዝም አልልም።

ሁልጊዜ ጣት የሚቀሰረው ዓውደ ምሕረት ላይ ብቻ ነው። ጥር 2015ን ረሳችሁት? ጥር 14 ቀን ወሊሶ ሀሮ በዓለ ወልድ ላይ ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት ያለ ሲኖዶስ ፈቃድ 26 ሰው «ኤጲስ ቆጶስ» ብለው ሾሙ። ጥር 18 ሲኖዶሱ አወገዛቸው። ከዚያ በኋላ በየሀገረ ስብከቱ በር የተሰበረው በማን እርዳታ ነው? ሻሸመኔ ላይ ጥር 27 ሰው ሞተ። አባቶች በጾመ ነነዌ ጥቁር ልበሱ አሉን፣ ለበስን። መሥሪያ ቤት ጥቁር ለብሼ ስገባ አለቃዬ «ፖለቲካ ነው» አለኝ። ለእኔ ጾም ነበር።

ካድሬ ቅጥር ግቢ ሲገባ ዝም፣ ሰባኪ ከቅጥር ግቢ ሲወጣ ጩኸት። ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። እንዲህ ያለውን ሰባኪ የወለደው ያ ቁጣ ነው። ልጁን ብቻ ብትገስጹት ነገ ሌላ ይመጣል።


ደሴቲቱ (ቦታ አልተገለጸም)

ምን ያስጨንቃችኋል? ኢትዮጵያ የክርስቲያን ደሴት ናት። እንግዳ ሆኖ የመጣ የቤቱን ሥርዓት ያክብር። ሰባኪው እውነት ተናገረ፣ አለቀ።


አቡ ሰልማን

አያቴ የተወለደው ወሎ ነው። አያቱም እዚያው። ለማን ነው እንግዳ የሆንኩት?


ሕግ ተመልካች (ለገጣፎ)

ደሴቲቱ ለተባለው ወንድማችን በአጭሩ። በ1999ኙ ሕዝብ ቆጠራ ኦርቶዶክስ 43.5 በመቶ፣ ሙስሊም 33.9 በመቶ፣ ፕሮቴስታንት 18.6 በመቶ ገደማ ነው። ያልከው ነገር በሕግ የነበረበት ጊዜ አለ። የ1948ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 126 ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን የመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ንጉሡም ሁልጊዜ የዚህ እምነት ተከታይ ይሆናል ይል ነበር። ዛሬ የለም። የቀረው ናፍቆት ነው።

ወደ ጸሐፊው ጥያቄ ልምጣ። ሰው ሁሉ የአሁኑን ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 ይጠቅሳል። ንኡስ አንቀጽ 3 እንዲህ ነው፦ «መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም፤ ሃይማኖትም በመንግሥት ጉዳይ ጣልቃ አይገባም።» ሁለት ግማሽ አለው። ሰባኪው የመጀመሪያውን ግማሽ በቃሉ ያውቃል፣ ካድሬው ሁለተኛውን። ሁለቱንም አንብቦ የጨረሰ አላጋጠመኝም። የቄስ ልጅ ያለው እውነት አለው፣ የመጀመሪያው ግማሽ ብዙ ጊዜ ተጥሷል።

ግን አንቀጽ 11 ለአንተ ችግር መፍትሔ አይሆንም። እሱ የሚናገረው ስለ መንግሥት ነው። እድር መንግሥት አይደለም፣ ሰዎች ወደው የመሠረቱት ማኅበር ነው። የሚተዳደረው በራሱ ደንብ ነው። ደንባችሁ ላይ «በእድሩ ድንኳን፣ በእድሩ ንብረት እንዲህ ያለ ንግግር አይደረግም» ብላችሁ ብትጽፉ የማንንም የእምነት ነፃነት አትነኩም። ሰውየው ቤቱ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ ቲክቶኩ አለለት።

ፖሊስ ጋ እንሂድ የሚል ሰው ካለ ደግሞ ይቆየው። በ2012 የወጣው የጥላቻ ንግግር አዋጅ፣ ቁጥር 1185፣ በሃይማኖት ወይም በብሔር ጥላቻን መቀስቀስ ይከለክላል። ነገር ግን ለሃይማኖት ትምህርት ልዩ ሁኔታ አስቀምጧል። ጠበቃው «ስብከት ነው» ብሎ ይከራከራል። የፓርቲ ደጋፊን መስደብ ደግሞ ከነጭራሹ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። ውጤቱ ሰባኪውን ሰማዕት ማድረግ ነው የሚሆነው። ከወር በኋላ ሲፈታ ተከታዩ በእጥፍ ይጨምራል።


ጸጋ ብቻ (የካ አባዶ)

ጴንጤ ነኝ። ስለ ራሳችን ልናገር፣ ስለ ሌላው ሌላው ይናገር።

የእኛ እናትና አባት ተዘግቶባቸው ያደጉ ናቸው። ሙሉ ወንጌል ቤተ ክርስቲያን በንጉሡም ጊዜ ተዘግታለች፣ በደርግም ተዘግታለች። በየሳሎኑ፣ መጋረጃ ተጋርዶ፣ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነበር የሚዘመረው። ከእኛ በላይ መንግሥት ከሃይማኖት እጁን እንዲያነሳ የሚፈልግ ሰው ሊኖር አይገባም ነበር።

ዛሬስ? መድረክ ላይ ቆሞ ባለሥልጣንን በትንቢት የሚቀባ አለ። «ጊዜው የእኛ ነው» የሚል አለ። ይህን ስሰማ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ነቢዩ ሹመት ሲተነብይ ምእመኑ ያጨበጭባል፤ ያ ሰው ነገ ሲያጠፋ ማን ይገሥጸዋል? ናታን ዳዊትን «ያ ሰው አንተ ነህ» ያለው የዳዊት ደጋፊ ስለሆነ አይደለም።

እና የጸሐፊው ሰባኪ መንግሥቱ የጴንጤ ነው ብሎ ቢያስብ፣ ማን እንዲህ እንዲያስብ ረዳው? እኛም ነን። ሰውየውን ባልደግፍም ምክንያቱን አይቻለሁ።

በነገራችን ላይ ስለ ሞንታርቦም አንድ ቀን እናውራ። በእኛ ብሎክ ሥር የተከራየነው አዳራሽ አርብ አርብ አዳር አለው። ከዚያ ሱብሂ አዛን ይቀጥላል። ከዚያ ኪዳን። እዚህ ሰፈር የሚተኛው ማን እንደሆነ እግዜር ነው የሚያውቀው።


የብሎኩ ጸሐፊ

ጸጋ፣ ስለ ሞንታርቦ ከጀመርን ክሩ አያልቅም። እህቴ ተባረኪ ግን፣ በራስ ላይ መናገር ከባድ ነው።


ቶላ (ቡራዩ)

የቄስ ልጅ፣ አከብርሃለሁ፤ ግን ጥር 2015ን ከመሃል ጀመርከው።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች። ጾሟን አትፈታም። አማርኛ ግን በደንብ አትሰማም። ስብከት ቆማ ታዳምጣለች፣ ቤት ስትመጣ «ዛሬ ምን አሉ?» ብላ እኔን ትጠይቀኛለች። በኦሮምኛ ይቀደስልን፣ ይሰበክልን ማለት ከዚያ በፊት ብዙ ዓመት የተጠየቀ ጥያቄ ነው። ስንጠይቅ «ዘረኛ» ተባልን። «ፖለቲካ ነው» ተባልን። ልክ አለቃህ ጥቁር ልብስህን እንዳለው።

እኔ ወሊሶ የተደረገውን አልደገፍኩም። ቀኖና ቀኖና ነው። ነገር ግን የእናቴን ጥያቄ ፖለቲከኞች የወሰዱት ቤተ ክህነት መንገድ ላይ ስለጣለው ነው። የተጣለን ነገር ሰው ያነሣዋል፣ ያነሣው ሁሉ ግን ባለቤት አይደለም። የካቲት 8 ስምምነት ተደረገ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ሲኖዶሱ ዘጠኝ ኤጲስ ቆጶሳት ሾመ፣ ቋንቋውን የሚያውቁ አባቶች ኦሮሚያ ሄዱ። ቀድሞ ቢደረግ ስንት ነፍስ ይተርፍ ነበር?

አሁንም በሁለቱም በኩል ያው ነው። አንዱ ጋ ሄጄ ስቀመጥ ሰባኪው ቋንቋዬን የዲያብሎስ መሣሪያ ያደርገዋል። ሌላው ጋ ስሄድ ደግሞ «ከእነዚያ ጋር የቆረበ ከሃዲ ነው» ይላል። እኔ የፈለግሁት ወንጌል መስማት ነበር።


የቄስ ልጅ

ቶላ፣ ስለ እናትህ ያልከው ልቤን ነክቶኛል። የቋንቋው ጥያቄ ትክክል ነው፣ አባቴም ገጠር ሲያገለግል ሲናገረው ሰምቻለሁ። ያ ግን ታጥቆ መንበረ ጵጵስና መስበርን ትክክል አያደርገውም።


ቶላ

አያደርገውም። አልኩ እንዴ?


ወለተ ጊዮርጊስ (ፉሪ)

ልጆቼ፣ የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። አነበበልኝ፣ ሰማሁ።

ብዙ አወቃችሁ። እኔ አንድ ነገር ልጠይቅ። ማይክራፎኑ የማን ነው? የእድሩ ነው ወይስ የሰባኪው? የእድሩ ከሆነ ምን ያስጨንቃችኋል? እኛ ጋ ሙዚቃ ለቅሶ ቤት በእድሩ ሞንታርቦ አይከፈትም፤ ማንም «መብቴ ተነካ» ብሎ አያውቅም። ይህም እንደዚያው ነው። ሰባኪው ይምጣ፣ ያጽናና፣ ሟቹን ያስታውስ፣ ጸልዮ ይሂድ። ሌላ ወሬ ካለው የራሱን ደጅ ይፈልግ።

ፉሪ መጀመሪያ ስንመጣ መንገድ አልነበረም። በክረምት ሬሳ በቃሬዛ እስከ አስፋልት ነበር የሚወጣ። ባለቤቴ ሲያርፍ ከተሸከሙት አራቱ ሁለቱ እስላም ነበሩ። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው። የኦርቶዶክስ እድር እናቋቁማለን ላሏችሁ ልጆች ይህን ንገሩልኝ። በአንድ ብሎክ ውስጥ ስንት ኦርቶዶክስ ወጣት አለ? ቀን ሁሉም ሥራ ነው፣ መርካቶ ነው፣ ቦሌ ነው። ቀን ሰው ሲሞት ሰፈር የሚገኘው ባለሱቁና ጡረተኛው ነው።

ደግሞ ዝም ያላችሁትንም ልቆጣ። አንድ ትልቅ ሰው ተነሥቶ «ልጄ፣ በቃህ፣ አሜን እንበል» ቢል ያበቃ ነበር። ሽማግሌ ጠፋ?


የብሎኩ ጸሐፊ

እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሽማግሌዎቹ ነበሩ። ፈሩ። ልጁ የሚናገረው ሁሉ በስልክ ይቀረጻል። አንድ ሰው ቢያቋርጠው በማግስቱ ፊቱ «የቤተ ክርስቲያን ጠላት» ተብሎ ይለጠፋል። እናንተ ጊዜ ያልነበረ ፍርሃት ነው።


ገለልተኛ (ቨርጂኒያ)

ቀድሞ ሰሚት ነበርኩ፣ አሁን አሜሪካ ነኝ። ስሜን የመረጥኩት ለቀልድ አይደለም፣ የደብራችን ስም ነበር።

ከ1984 ጀምሮ ሁለት ፓትርያርክ ሆነ፦ አቡነ ጳውሎስ ሀገር ቤት፣ አቡነ መርቆሬዎስ በስደት። እኛ እዚህ ሦስት ሆንን፦ የሀገር ቤቱ ሲኖዶስ፣ የስደተኛው ሲኖዶስ፣ ገለልተኛ። የእምነት ልዩነት አንድም የለም። ቅዳሴው አንድ፣ ጾሙ አንድ። ልዩነቱ ሀገር ቤት ያለውን መንግሥት ትደግፋለህ ወይስ ትቃወማለህ ነው። በቅዳሴ ማን ፓትርያርክ ስሙ ይጠራ በሚል የተለያዩ ወንድማማቾች አውቃለሁ። ሕንፃው የማን ነው ብለው የፈረንጅ ፍርድ ቤት የቆሙ ደብሮች አሉ። ዳኛው ስለ ቀኖና ምን ያውቃል? የሚያየው የማኅበሩን ምዝገባና የባንክ ፊርማ ነው።

ሐምሌ 2010 እርቁ ሲፈጸም አልቅሰናል። ሁለት ዓመት ከጥቂት ወር ነው የቆየው። ጥቅምት 2013 የትግራይ ጦርነት ሲጀመር እንደገና ተሰነጠቅን፣ አሁን በፓርቲ ሳይሆን በብሔር። ከአጠገቤ ቆመው ሃያ ዓመት ያስቀደሱ የትግራይ ሰዎች አንድ በአንድ ጠፉ። ማንም ሂዱ አላላቸውም። ከመድረኩ የሚሰማው ነገር ነው ያስወጣቸው። ለሞቱባቸው ሰዎች አንድ ጸሎት እስኪደረግ ጠበቁ፣ አልተደረገም።

የምለው፣ ይህ ነገር በጎረቤት ሃይማኖት ላይ ተጀምሮ እዚያ አያቆምም። ሙስሊሙና ጴንጤው ከድንኳኑ ሲወጡ ቀጣዩ «በትክክል ያልተቃወመ» ኦርቶዶክስ ነው።


መምህሩ (ገላን)

እኔ ታሪክ አስተማሪ ነኝ። «ቤተ ክርስቲያን ፖለቲካ አትናገር» የሚለውን ማጥበቅ እንዳይበዛ እፈራለሁ።

አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 በጣሊያን ሲረሸኑ የተጠየቁት ሕዝቡ እንዲገዛ እንዲሰብኩ ነበር። እምቢ አሉ። በጣሊያን ዓይን ያ ፖለቲካ ነው። ሐምሌ 1971 ላይ ደርግ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ገደለ። በዚያው ወር የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳን ገደለ። አንዱ ኦርቶዶክስ፣ አንዱ ሉተራን፣ አንድ ወር፣ አንድ ገዳይ። እነዚህን ሰዎች «ዝም ብላችሁ ስበኩ» ብንላቸው ኖሮ ዛሬ ማንም አያስታውሳቸውም ነበር።

ታዲያ ከዚያ ሰባኪ በምን ይለያሉ? እኔ የምጠይቀው የንግግሩን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው የሚለውን ነው። ጴጥሮስ ተናገሩ፣ ከፈሉ። የድንኳኑ ሰባኪ ተናገረ፣ ባለሱቁ ከፈለ።

ሌላው ጫፍም አለ። ሩዋንዳ ላይ የኪጋሊው ካቶሊክ ሊቀ ጳጳስ ቪንሴንት ንሰንጊዩምቫ ለዓመታት የገዢው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ አባል ነበሩ። ቤተ ክርስቲያኒቱና ፓርቲው አንድ ማዕድ ላይ ተቀመጡ። እ.ኤ.አ. በ1994 እልቂቱ ሲመጣ ሰው እንደ ልማዱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሮጠ፤ ብዙው የተገደለው እዚያው ነው። ኒያንጌ ላይ ሰዎች የተጠለሉበት ቤተ ክርስቲያን በቡልዶዘር ፈረሰባቸው። የደብሩ ቄስ አታናስ ሴሮምባ በዚያ ወንጀል አሩሻ በነበረው የሩዋንዳ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2008 ዕድሜ ልክ ተፈረደበት። ገዳይም ተገዳይም አብዛኛው የአንድ ሃይማኖት ሰው ነበር።


ሕግ ተመልካች

መምህር፣ መለኪያዎ ጥሩ ነው፣ ግን ይሰበራል። ዛሬ መታሰርን ራሱ የሚፈልግ ሰባኪ አለ። ዋጋ ከፈልኩ ብሎ ሰው ላይ ዋጋ ይጭናል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ።


መምህሩ

እሱስ እውነት ነው። እንግዲያው ግማሹን ብቻ እንያዝ፦ በስም ወይም በወገን ተለይቶ የሚጎዳ ጎረቤት አለ ወይስ የለም? ካለ፣ ሰባኪው ቢታሰርም ባይታሰርም ለውጥ የለውም።


ደሴቲቱ

ሩዋንዳን ከአንድ ለቅሶ ቤት ጋር? ማጋነን አይደብራችሁም?


ጸጋ ብቻ

ከማን አትግዙ የተባለበት ለቅሶ ቤት ነው።


አቡ ሰልማን

የቄስ ልጅ ስለ ካድሬ ያለውን ልመለስበት፣ ምክንያቱም በዚህ ከእሱ ጋር ነኝ።

በ2004 የእኛ ሰው ከአወሊያ ትምህርት ቤት ጀምሮ በየጁምዓው «ድምፃችን ይሰማ» ያለው ለምን ነበር? መንግሥት መጅሊሱን፣ የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱን ማለቴ ነው፣ በእጁ አድርጎ የትኛውን አስተምህሮ እንደምንማር ሊነግረን ስለፈለገ ነው። ምርጫው መስጂድ ይሁን ብንል መስከረም 2005 ላይ ቀበሌ ውስጥ አደረጉት። በ2015 ደግሞ ሸገር ሲቲ ተመሥርቶ ብዙም ሳይቆይ መስጂዶች ፈረሱ። ግንቦት 18 አንዋር መስጂድ ላይ ተቃውሞ ነበር፣ ሰው ሞተ። ያን ጊዜ አንድ ቄስ ጎረቤቴ ቤቴ መጥተው ቁጭ አሉ። ብዙ አላወሩም። «እኛም በጥር እንዲሁ ሆነን ነበር» አሉኝ።

አሁን ልብ በሉ። በጥር ኦርቶዶክሱ ሲያለቅስ ከእኛ ውስጥ ቲክቶክ ላይ የሚስቅ ነበር። በግንቦት እኛ ስናለቅስ ከእነሱ ውስጥ «መሬት ወራሪ» የሚል ነበር። ሁለቱም የሚጮሁት አንቀጽ 11 ይከበር ብለው ነው፣ ለራሳቸው። ለአንዱ ሲጣስ ሌላው እልል ካለ፣ መንግሥት እጁን የሚያነሣበት ምን ምክንያት አለው?


የቄስ ልጅ

አቡ ሰልማን፣ ይህን አልክድም። የእኛ ልጆች የጻፉትን አይቻለሁ፣ አፍሬአለሁ።


የብሎኩ ጸሐፊ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከኮሚቴው ጋር ቁጭ ብለን ለእሑድ ስብሰባ ረቂቅ ጻፍን። ተቹልኝ።

«በእድሩ ድንኳንና በእድሩ የድምፅ መሣሪያ የሟችን ቤተሰብ ለማጽናናት በየትኛውም እምነት ጸሎትና ትምህርት ይደረጋል። የፖለቲካ ፓርቲን ስም ጠርቶ መደገፍም ሆነ መቃወም፣ የማንኛውንም ሃይማኖት ተከታይ መዝለፍ፣ ከማንኛውም አባል ጋር መገበያየት ወይም ማኅበራዊ ኑሮ እንዲቋረጥ መጥራት አይፈቀድም። ይህ ሲሆን የዕለቱ የእድር ዳኛ ንግግሩን አስቁሞ ማይክራፎኑን ይረከባል።»

ስም ሰርዙልን ያሉትን ሁለቱን ቤተሰቦች አነጋግረናል። ጴንጤው ረቂቁ ከጸደቀ እቆያለሁ ብሏል። ባለሱቁ አስብበታለሁ አለ። አልገፋሁትም። ሰባኪውን ደግሞ የሟች ታላቅ ልጅ ራሱ ጠርቶ አናገረው። ሰባኪው ይቅርታ አልጠየቀም፣ «እኔ የተናገርኩት ቃለ እግዚአብሔር ነው» ብሏል።


ሕግ ተመልካች

«ፓርቲ» እና «ሃይማኖት» ካልክ በብሔር ስም ያመልጣል። «ብሔር» ጨምር። «መዝለፍ» የሚለውም ሰፊ ነው፤ ነገ አንዱ «የእኔ እምነት ብቻ ነው የሚያድነው» ሲል ተዘለፍኩ የሚል ይመጣል። እንዲህ ማለት የማንም መብት ነው፣ ሁሉም ሃይማኖት ይለዋል። «ለጥቃት ወይም ለመገለል መቀስቀስ» ብትለው ይሻላል።


ቶላ

እና ትምህርቱ በየትኛውም ቋንቋ ይደረጋል የሚል ጨምሩበት። ሟቹ ኦሮሞ ሲሆን ዘመዶቹ ከገጠር ይመጣሉ።


የቄስ ልጅ

ለባለሥልጣንም ይሥራ። እኛ ጋ የወረዳ ሰው ለቅሶ ሊደርስ መጥቶ ማይክ ይዞ ስለ ኮሪደር ልማት ሃያ ደቂቃ ተናግሯል። ሬሳ ሳይወጣ።


የብሎኩ ጸሐፊ

ሃሃ፣ እኛ ጋም አለ። ሦስቱንም እጨምራለሁ። «ማንኛውም ተናጋሪ፣ ባለሥልጣንን ጨምሮ» ብዬ እጽፋለሁ።


ወለተ ጊዮርጊስ

ደንቡስ ደህና ነው። የዕለቱ ዳኛ ግን ማነው? ማይኩን ሄዶ የሚቀበለውን ሰው ስም ጽፋችኋል?


የብሎኩ ጸሐፊ

እስካሁን ፈቃደኛ አልተገኘም እማማ። አንዱ የደም ግፊት አለብኝ አለ፣ አንዱ ሥራዬ ላይ ይመጡብኛል አለ። እሑድ የምንከራከረው በእሱ ላይ ነው የሚመስለኝ።


ወለተ ጊዮርጊስ

አንድ ሰው አታድርጉት። ሦስት አድርጉት፣ ከየሃይማኖቱ፣ አብረው ይነሡ። የሰባኪው ሃይማኖት የሆነው ቀድሞ ይናገር። ቀራጩም ማንን እንደሚለጥፍ ይቸገር።


አቡ ሰልማን

ይህን ጻፈው ወንድሜ። እኛም ጋ እወስደዋለሁ።